መድኃኒት የሌለበት መርፌ

መጀመሪያ የነቃችበት አክስቴ ናት። ልጄ ሁለት ዓመቱ ሳለ ለጥምቀት ባሕር ዳር ይዤው መጣሁ። በረንዳ ላይ ተቀምጣ ግንባሩን ሳመችውና ከንፈሯን ላስ አደረገች። «ይሄ ልጅ ጨው ጨው ይላል እኮ!» አለች። ሳቅን። ፀሐዩ ነው፣ ላቡ ነው አልን። አሜሪካ ተመልሼ የበሽታውን ስም እስክሰማ ከዓመት በላይ ፈጀ።

በዚያ ሁሉ ጊዜ አንዴ አስም፣ አንዴ አለርጂ ሲሉን ነበር። አንዱ ሐኪም እንዲያውም «ይሄ የእናንተ ሰዎች በሽታ አይደለም» ብሎ ምርመራውን ዘለለው። በኋላ ሌላዋ ሐኪም ላቡን አስመረመረችው። ላብ ውስጥ ያለው ክሎራይድ 60 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ምልክቱ ያ ነው፤ የልጄ ከ60 በጣም ያልፍ ነበር። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ።

ይህን የምጽፈው በቅርቡ አንዲት እህት ከአውሮፓ ስለደወለችልኝ ነው። ልጇ ያው በሽታ አለበት። «እትዬ፣ አኩፓንክቸር ላስጀምረው ወይ? እርስዎ ሞክረዋል ሲሉ ሰማሁ» አለችኝ። ሞክሬያለሁ። አኩፓንክቸር ማለት ቀጫጭን መርፌ ሰውነት ላይ የሚሰካበት የቻይና ሕክምና ነው። ስልኩ ላይ በጥድፊያ የነገርኳትን እዚህ ረጋ ብዬ ልጻፈው። ሐኪም አይደለሁም፤ ሃያ ምናምን ዓመት አክታ ስቆጥር የኖርኩ እናት ነኝ።

በሽታውን ለማታውቁት በአጭሩ፦ ከእናትም ከአባትም የሚወረስ ነው። እኔም ባለቤቴም እያንዳንዳችን አንድ የተበላሸ ዘረ መል ይዘን ሳናውቀው ኖረናል። ሁለቱም ወላጆች እንዲህ ሲሆኑ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመም ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። ጨውና ውሃ ከሴል የሚወጡበትና የሚገቡበት በር ይበላሻል። ላቡ ጨው ይበዛበታል፣ የሳንባው አክታ እንደ ሙጫ ይወፍራል፣ ቆሽቱም የምግብ መፍጫውን ኤንዛይም ወደ አንጀት ማድረስ ያቅተዋል። በቤታችን ቀኑ የሚጀምረው መድኃኒቱን እንደ ጉም አድርጎ በሚያስተነፍሰው መሣሪያ፣ በኔቡላይዘር ነው። ከዚያ አክታ ማውጣት፣ ከዚያ ከየምግቡ ጋር የኤንዛይም እንክብል፣ ከዚያ ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ።

እ.ኤ.አ. በ2019 ትሪካፍታ የሚባለው መድኃኒት በአሜሪካ ተፈቀደ። አውሮፓ ያላችሁ ካፍትሪዮ በሚል ስም ታውቁታላችሁ። ለብዙዎች እውነተኛ ትንሣኤ ነበር። ግን የሚሠራው ለተወሰኑ የዘረ መል ዓይነቶች ነው፤ ዝርዝሩ የተሠራውም በብዛት በአውሮፓውያን ዘር ላይ የሚታየውን ይዞ ነው። የእኔ ልጅ ዝርዝሩ ውስጥ አልገባም። ሌሎች እናቶች በደስታ ሲያለቅሱ እኔ ሌሊት ስልኬን ይዤ «ሌላ ምን አለ?» እያልኩ እፈልግ ነበር። አኩፓንክቸርን ያገኘሁት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት የሚገኝ ነገር ሁሉ መድኃኒት ይመስላል።

አሁን ቁም ነገሩን ልበል። አኩፓንክቸር አክታ አያቀጥንም። የተበላሸውን በር አይጠግንም። የሳንባን አቅም ከፍ እንደሚያደርግ የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ የለም። እንዲህ ብሎ ቃል የሚገባላችሁ ባለሙያ ካለ ጫማችሁን አድርጋችሁ ውጡ። ሊረዳ የሚችለው በሽታው ጎትቶ በሚያመጣቸው ሌሎች ነገሮች ላይ ነው፦ ከሳል ብዛት በሚመጣ የጀርባና የጎድን ሕመም፣ በራስ ምታት፣ በማቅለሽለሽ፣ በጭንቀት። ለማቅለሽለሽ የአሜሪካ የጤና ኢንስቲትዩት የጠራቸው ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1997 በቀዶ ሕክምናና በካንሰር መድኃኒት ለሚመጣው እንደሚረዳ መስክረዋል። እንግሊዝም ሥር ለሰደደ ሕመምና ለማይግሬን ከሚመከሩት ውስጥ አስገብታዋለች። በሲስቲክ ፋይብሮሲስ ሕሙማን ላይ የተሠራው ጥናት ግን ጥቂትና ትንንሽ ነው። ተጓዳኝ ሕክምና የሚባለውም ለዚህ ነው፤ ከዋናው ጎን ይሄዳል እንጂ ዋናውን አይተካም።

ስለዚህ ስትጀምሩ አንድ ችግር ብቻ ምረጡ። «ልጄ እንዲሻለው» አይሁን። «ማታ ማታ ጀርባው እንዳያመው» ይሁን። እኛ ሁለት መረጥን፦ የጀርባ ሕመምና ከአንቲባዮቲክ በኋላ የሚመጣ ማቅለሽለሽ። ማቀዝቀዣው በር ላይ ወረቀት ለጥፈን ልጁ በየማታው ሕመሙን ከ10 ስንት እንደሆነ ይጽፍ ነበር። ስድስት ጊዜ እንሄዳለን፤ ለውጥ ከሌለ እናቆማለን ተባባልን። ያቺ ወረቀት ባትኖር ኖሮ ገንዘቤን ስላወጣሁ ብቻ «ተሽሎታል» እል ነበር። ኢንሹራንሳችሁንም ቀድማችሁ ጠይቁ። አሜሪካ ውስጥ የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ የሆነው ሜዲኬር እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የሚከፍለው ሥር ለሰደደ የታችኛው ጀርባ ሕመም ብቻ ነው። እኛ ከኪሳችን ነው የከፈልነው።

የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ልጁ 16 ዓመቱ፣ አልጋው አጥሮት እግሩ ተርፏል። ሴትየዋ የታሸገውን መርፌ ዓይኑ እያየ ቀደደችው። ከፀጉር ብዙም አይወፍርም። በትንሽ የፕላስቲክ ቱቦ አስገብታ ከእጁ አንጓ ሦስት ጣት ያህል ከፍ ብሎ፣ በሁለቱ ጅማቶች መሃል፣ በጣቷ ጫፍ መታ አደረገችው። «አመመህ?» አልኩት። «አይ፣ ከበድ አለኝ» አለ። ወዲያው ሳሉ መጣ። አሥራ ሁለት መርፌ ተሰክቶበት፣ ተኝቶ፣ የእኛ ቤት ሳል! ሴትየዋ ደነገጠች፤ መርፌዎቹን እየነቀለች አስቀመጠችው። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ አስቀድሜ አልነገርኳትም።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ አደረግን። ከቀጠሮው በፊት አክታውን በደንብ ያወጣል። በባዶ ሆዱ አይሄድም፤ ባዶ ሆድ ራስ ያዞራል፣ ከበሽታው ጋር ስኳር ያለባቸው ደግሞ ይበልጥ ይጠንቀቁ። በጀርባው ጠፍጣፋ አይተኛም፤ ትራስ ተደራርቦለት ቀና ይላል።

ከሁሉ በላይ ግን ደረት ላይና ከትከሻ እስከ ጎድን ባለው ላይኛ ጀርባ መርፌ እንዳይሰካ ከልክሉ። በጥልቀት የገባ መርፌ ሳንባን ሊበሳ ይችላል። ብዙ ጊዜ አይደርስም፤ ግን የእኛ ልጆች ሳንባ ለዚህ ትርፍ የለውም። እጅ፣ ክንድ፣ እግር፣ ጆሮ ይበቃል። ከደረቱ ቆዳ ሥር ፖርት (መድኃኒት በደም ሥር የሚሰጥበት ትንሽ ዕቃ) የተቀበረለት ልጅ ከሆነ አካባቢው በጭራሽ አይነካ። ከሕክምናው በኋላ ድንገት ደረት ወግቶት ትንፋሽ ካጠረው «ያልፋል» ብላችሁ እንዳትጠብቁ፤ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። የቫይታሚን ኬ እጥረት ካለ ደም ቶሎ አይረጋም፣ ያንንም አስቀድማችሁ አስመርምሩ።

መርፌው የሚጣል፣ አንዴ ብቻ የሚያገለግል መሆን አለበት፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ደንቡ ይህ ነው። ባለሙያው ፈቃድ ያለው መሆኑን እዩ። በእንግሊዝ ስሙን የሚጠብቅ ሕግ ስለሌለ የብሪቲሽ አኩፓንክቸር ካውንስል አባል መሆኑን ጠይቁ። ደግሞ ርካሽ ነው ተብሎ ብዙ ሰው አንድ አዳራሽ ውስጥ ተደርድሮ የሚታከምበት ቦታ አለ። ለሌላው ጥሩ ነው። ለእኛ ግን ጎናችን የሚያስል ሰው እንዲተኛ አንፈልግም።

ስለ ጭስ ልንገራችሁ። አንዳንዶቹ ሞክሳ የሚባል ነገር ያጨሳሉ፤ የአሪቲ ዘመድ የሆነ ቅጠል ነው። ሽታው ደስ ይላል፣ አገር ቤት ያስታውሳል። እምቢ በሉ። ጭስ ጭስ ነው፣ ከቻይናም ይምጣ ከመርካቶ።

ከመርፌው ይልቅ ግን እኔን የሚያስፈራኝ ከመርፌው ጋር የሚሸጠው ጠርሙስ ነው። «ለሳንባ» የሚሉት የቅጠላ ቅጠል እንክብል። ትሪካፍታ ወይም ካፍትሪዮ የሚወስድ ሰው ሴንት ጆንስ ዎርት የሚባል ቅጠል ያለበትን ከወሰደ የመድኃኒቱ ኃይል ይወርዳል። ግሬፕ ፍሩት ደግሞ በተቃራኒው ደም ውስጥ ያለውን መጠን ከፍ ያደርገዋል። የጠርሙሱን ጽሑፍ ፎቶ አንስታችሁ ለክሊኒካችሁ ፋርማሲስት ላኩ።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጉድ ላውጣ። ሐኪሙ «ሌላ የሚወስደው ነገር አለ?» ብሎ ሲጠይቅ «የለም» እንላለን። ከአገር ቤት የተላከው ፌጦ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ዳማከሴ እንደ መድኃኒት አይታየንም፤ ወይም እንዳይስቁብን እናፍራለን። እኔም ለዓመታት ዋሽቻለሁ። አኩፓንክቸሩን ስነግራቸው ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ነርሷ ብዕሯን አውጥታ የባለሙያዋን ስልክ ጠየቀችኝ። ተደዋወሉ። ደረት ላይ እንዳይሰካ የጻፈችውም እሷ ነበረች።

ውጤቱስ? ከስድስት ጊዜ በኋላ ወረቀታችንን አየን። ማቅለሽለሹ ቀንሷል። የጀርባው ሕመም ከ7 ወደ 4 ወርዷል፤ ግን በዚያው ሰሞን ዋና ስለጀመረ የትኛው እንደረዳው መማል አልችልም። የሳንባው ልክ ባለበት ነው። ልጁ አሁን 21 ዓመቱ ነው፣ ፈተና ሲደርስና ሕመም ሲጠናበት ብቻ ይሄዳል። ኔቡላይዘሩን አንድ ቀን አላስቀረም፤ እኔም አላስቀርለትም።

አሁን ወደ ባሕር ዳር። ልጃችሁን ይዛችሁ ለመምጣት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ኑ። ክፍት አየር ነው፣ ሐይቅ ነው፣ ዘመድ ነው። ግን ዘመድ ሊያክመው እንደሚፈልግ አውቃችሁ ኑ።

ባለፈው ስንመጣ አክስቴ የልጁን ሳል ሰምታ ዋግምት ይደረግለት አለች። ቀንዱ፣ ምላጩ፣ የሚያደርጉት አዛውንት፣ ሁሉም ተዘጋጅቷል። እኔም መርፌውን ነገርኳት፤ ቢያንስ የሚጣል ነው፣ ደም አያወጣም ብዬ። ትንሽ አሰበችና «መርፌው ምን መድኃኒት አለበት?» አለች። «መድኃኒት የለበትም።» «መድኃኒት የሌለበት መርፌ? ለዚህ ነው ዶላር የምትከፍይው?» ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ዋግምቱን ግን አልፈቀድኩም። ምላጩ ከሰው ሰው ከዞረ የጉበት በሽታና ኤች አይ ቪ ያስተላልፋል፤ ደሙ ቶሎ ለማይረጋ ልጅም አይሆንም። በሽማግሌ ፊት ደፍሮ እምቢ ማለት ይከብዳል። «ሐኪሙ ደሙ አይነካ ብሏል» በሉ፤ ሐኪምን ማንም አይከራከርም።

ጠበሉን አልከለከልኩም። በርሜል ውስጥ የቆየውን ግን እንዳይጠጣና ፊቱ ላይ እንዳይረጩት ለመንኩ፤ ሱዶሞናስ የሚባለው ለሳንባችን ጠላት የሆነው ባክቴሪያ የቆመ ውሃ ይወዳል። ቡናው ሲፈላ ዕጣኑ ሲጨስ ልጁን በረንዳ ላይ አስቀምጡት፤ አውድማ ላይ ውቂያ ካለ አያድርሳችሁ። ጣና ውስጥ ዋና አይሞከርም፣ ቢልሃርዚያ አለ።

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ ሳንባው የደከመ ልጅ ከመብረሩ በፊት ስለ ኦክስጅን ሐኪሙን ይጠይቅ። መጋቢትና ሚያዝያ ሙቀቱ ይበረታል፣ ላቡ ጨውን ይዞት ይሄዳል። ምግቡ ላይ ጨው ጨምሩ፣ ከፋርማሲ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ገዝታችሁ ቦርሳ ውስጥ ያዙ። መብራት ስለሚጠፋ ባትሪ ያለው ኔቡላይዘር ይሻላል። ዕቃውን በየቀኑ አጥባችሁ አምስት ደቂቃ አፍሉት። የኤንዛይሙን እንክብል መኪና ውስጥ አትተዉ፣ ሙቀት ይገድለዋል። ትሪካፍታ የሚወስዱ ደግሞ ስብ ካለው ምግብ ጋር ነው የሚውጡት፤ ጾም ከሆነ ዘይት ያለው ሽሮ ወይም አቮካዶ ጁስ ይበቃል።

አንድ ነገር ደግሞ በእንግሊዝኛ አስጽፋችሁ ያዙ፦ የበሽታው ስም፣ መድኃኒቶቹ፣ የክሊኒኩ ስልክ። አገራችን ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚያስል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚታሰበው ቲቢ ነው፤ ትክክልም ነው። ግን የቲቢው ሪፋምፒሲን የትሪካፍታን ኃይል ክፉኛ ይቀንሰዋል። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ሂዱ ጥበበ ግዮን፣ ወረቀቱን ከመጀመሪያው አሳዩ።

አክስቴ ዋግምቱ ሲቀርባት ቅር አላት። ስለዚህ ሥራ ሰጠኋት። ልጁ በጎኑ ተኛ፣ እጇን እንደ ኩባያ አጎድጉዳ ጀርባውን መታ መታ ማድረግ አሳየኋት፤ አክታው እንዲላቀቅ። ደቂቃ አትቆጥርም። አቡነ ዘበሰማያት እየደገመች፣ አሥር ሲሞላ ጎኑን ታዞረዋለች። ድምፁ እስከ አጥሩ ይሰማል። ከእኔ ይልቅ የእሷ እጅ ይሻለዋል ይላል ልጁ። አሁንም ስደውልላት ከሰላምታ ቀጥሎ የምትጠይቀኝ ያንኑ ነው፤ «እስካሁን መድኃኒት አላስገቡበትም?»