የጋራዥ ወለል ኢፖክሲ፦ «አሲድ ይበቃል ወይ?» ላልከው ወንድሜ

ቀቢው የጋራዥህን ሊሾ በአሲድ አጥቤ ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተዋህዶ የሚጠጥር የወለል ቀለም) ልቀባልህ፣ ግራይንደር (ወለል መፋቂያ ማሽን) አያስፈልግም ብሎሃል፤ ልመነው ወይ ነው ጥያቄህ። አትመነው። እኔንም ቃል በቃል እንደዚሁ ነበር ያለኝ። ስለ ቀለም ምርጫ ሌሎች ይነግሩሃል፤ እኔ የተበላሁበትን ልንገርህ።

1. መጀመሪያ ውሃ ጠብ አድርግበት። ወለሉ ከጠጣው ደህና ነው። ድብልብል ብሎ ከተቀመጠ ግን ዘይት ወይም ቀድሞ የተቀባ ሲለር (ውሃ እንዳይገባ የሚቀባ መከላከያ) አለ ማለት ነው፣ አሲድ ደግሞ ሁለቱንም አይነካቸውም። ቀቢዬን ይህን እንሞክር ስለው «እኔ ስንት ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ» ብሎ ገላመጠኝ።

2. እርጥበት። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሚሆን ወፍራም ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር አሽገህ ቢያንስ 16 ሰዓት አቆየው። ስታነሳው ከሥሩ ካላበው ወይም ኮንክሪቱ ከጠቆረ ቀለሙን አታስበው። አዲስ ኮንክሪት ከሆነ ደግሞ 28 ቀን ሳይሞላው አይነካም።

3. አሲዱ። ሰውዬው ረጨው፣ አረፋ ሲያወጣ «አየህ፣ በላው!» አለኝ። ጠጥሮ የተለሰነ ሊሾ ላይ አሲድ እኩል አይሠራም፣ አንዱን ቦታ በልቶ ሌላውን ይተዋል። እሱ ደግሞ በወጉ እንኳ አላጠበውም፤ ውሃ ደፋበትና ጨረስኩ አለ። ሲደርቅ እጄ ላይ ነጭ ዱቄት ይቀር ነበር። ብነግረው «ኢፖክሲው ይይዘዋል» አለኝ። ሲያልቅ አልዋሽም፣ ፊት ያሳይ ነበር፤ ጎረቤት ሁሉ እየመጣ አየልኝ። ከዚያ አንድ ቀን መኪናውን ሳወጣ፣ አራቱም ጎማ ከቆመበት ቦታ ቀለሙ ተልጦ ከጎማው ጋር ወጣ። የጋለ ጎማ እንዲህ ያደርጋል፣ ደካማ ቦታ ካገኘ አይምርም። ደውዬ ብነግረው «መኪናህን ቶሎ አስገብተህ ነው» ብሎ ጥፋቱን ወደ እኔ አዞረው። ከ5 እስከ 7 ቀን እንደሚጠበቅ አላጣሁትም፤ ከዚያም በላይ ነበር ውጭ ያሳደርኳት።

አሁን ይቺን ልብ በል። ቅራፊውን ገልብጬ አየሁት፤ ጀርባው ላይ ስስ ግራጫ ሲሚንቶ ተለጥፏል። ኢፖክሲው አልለቀቀም ማለት ነው። የለቀቀው የሊሾው ደካማ የላይኛ ሽፋን ነው፣ ቀለሙን እንደተሸከመ ተነሳ። ጀርባው ንጹህ ቢሆን ዘይት ወይም ሲለር ነው እል ነበር። ፎቶ አንስቼ ብልክለት ስልክ ማንሳት አቆመ። ገንዘቤም እዚያው ቀረ።

ከዚያ ራሴ ገባሁበት። የዳይመንድ ዲስክ ያለው ግራይንደር ተከራይቼ አሮጌውን ቀለምም ደካማውን ሽፋንም ገፈፍኩት። መዳፍህን ስታስኬድበት እንደ 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ከሻከረህ በቃው። አቧራው ግን ቀልድ አይደለም፤ ውስጡ ያለው ሲሊካ ሳንባ ይጎዳል። የጨርቅ ማስክ አይመክተውም፣ ማጣሪያ ያለው አድርግ፣ ግራይንደሩም ላይ ቫኪዩም ግጠም።

አራተኛው ላይ ነበርን መሰለኝ፤ ቅልቅሉና አቀባቡ። የኢፖክሲውን ሁለት ጣሳ (ዋናውንና ማጠንከሪያውን) እላዩ ላይ በተጻፈው ልክ መጥነህ በትራፓኖ በዝግታ 3 ደቂቃ ያህል አዋህድ፣ የባልዲውን ጎንና ታች እየፋቅህ። ሲዋሃድ ባልዲው ውስጥ አታቆየው፤ ተከማችቶ ሲቆም ራሱን በራሱ አግሎ ይጠጥርብሃል። ወዲያው ወለሉ ላይ አፍስሰውና በሮለር ዘርጋው። ጠዋት ወለሉ እየሞቀ ሳለም አትቀባ። ኮንክሪቱ ውስጥ ያለው አየር ሲሞቅ ወደ ላይ ይወጣና ቀለሙን በአረፋ ይሞላዋል። ሙቀቱ መውረድ ሲጀምር ግባበት። (በር አካባቢ ፀሐይ የሚያገኘው ኢፖክሲ ቢጫ እያለ ይሄዳል፣ ያ የሥራ ጉድለት አይደለም።)

የኔ ዛሬ በጋለ ጎማ ይገባበታል፣ አንዲት ቅራፊ አልተነሳችም። ያ «ስንት ቤት የሠራ» ሰው ባየው ደስ ባለኝ።

የለጠፍከው ፎቶ ላይ ከበሩ በስተግራ ያለው ጥቁር ነገር የሞተር ዘይት ከሆነ፣ ከግራይንደሩ በፊት በዘይት ማጽጃ እየፈተግህ አውጣው፤ ሲደርቅ የውሃውን ጠብታ እዚያው ላይ ድገም። ቀቢህ አሁንም አሲድ ይበቃል ካለ፣ ቢላጥ በራሱ ወጪ ገፎ እንደሚሠራ በጽሑፍ ይፈርምልህ።