ሁለት ሬቲንግ ስላለኝ የሁለት ሰው ሥራ መፈረም አለብኝ?

ጥያቄ፦ የምኖረው አዳማ ነው። አዲስ አበባ ባለ አንድ የአውሮፕላን ጥገና ድርጅት እሠራለሁ። የተቀጠርኩት በኤርፍሬምና በኢንጅን (በአውሮፕላኑ አካልና በሞተሩ) ላይሰንስ ነበር፤ አምና የአቪዮኒክስ (የአውሮፕላን ኤሌክትሮኒክስ) ሬቲንግ፣ ማለትም በዚያ ዘርፍ የመፈረም ፈቃድ፣ ጨመርኩበት። ከዚያ ወዲህ በሌሊት ሺፍት የአቪዮኒክስ ሰው ከሌለ እኔ እንድፈርም እታዘዛለሁ። ደመወዜ ግን ያው ነው። አንዳንዴ ራሴ ያላየሁትን ሥራ ሁሉ ፈርም እባላለሁ። አሁን ደግሞ የኮርሱን ወጪ ስለሸፈንን የአምስት ዓመት የአገልግሎት ግዴታ ፈርም ብለውኛል። መብቴ ምን ድረስ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔን ከሁሉም ያሳሰበኝ መሃል ላይ ጣል አድርገው ያለፉት ነገር ነው። ከእሱ ልጀምር።

ያላዩትን ሥራ አይፈርሙ። ኃላፊዎ ቢቆጡም፣ በረራው ቢዘገይም አይፈርሙ። ሬዲዮ ተቀየረ እንበል። የገጠመው ላይሰንስ የሌለው ባልደረባዎ ነው፤ እርስዎ ያን ሰዓት ሌላ አውሮፕላን ሞተር ሥር ነበሩ። ንጋት ላይ የሥራ ካርዱ ይመጣና «እዚህች ጋ ብቻ» ይባላሉ። እዚያች ጋ ሲፈርሙ ግን «መርምሬዋለሁ፣ ይብረር» ማለትዎ ነው። ውሸት ሆኖ ከተገኘ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ላይሰንስዎን ሊያግድ ወይም ሊሰርዝ ይችላል። ሰው ከተጎዳ ነገሩ ወደ ወንጀል ይሄዳል። ያኔ «አለቃዬ አዘውኝ ነው» ማለት አያድንዎትም።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንዲያከብሩ የሚያስገድድዎት በሥራ ውሉና በሥራ ደንቡ ላይ የተመሠረተ ትእዛዝን ነው። ያልታየን ሥራ ታይቷል በል ማለት ከዚህ ውጪ ነው። እምቢታዎ ግን በቃል ብቻ አይቅር። «ስላልመረመርኩት አልፈርምም» ብለው እዚያው ሌሊት በኢሜይል ይላኩ፤ ቅጂውንም ያስቀምጡ።

ሙያው ራሱ ያስቀመጠው ገደብም አለ። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (ኢካኦ) አባሪ 1 መሠረት የላይሰንስ ባለቤት በመብቱ የሚጠቀመው ባለፉት 24 ወራት ውስጥ ቢያንስ 6 ወር በዚያው ዘርፍ ልምድ ካለው ወይም ላይሰንሱን ለማግኘት የሚጠየቀውን መስፈርት ካሟላ ነው። ቀን ቀን ሞተር ላይ እየዋሉ ሌሊት ለፊርማ ብቻ አቪዮኒክስ የሚጠሩ ከሆነ ይህ ነገር አንድ ቀን ጥያቄ ያስነሳብዎታል። የሥራ ልምድ መዝገብዎን በየዘርፉ ለይተው ይያዙ።

ወደ ደመወዙ ስንመጣ፣ ላይሰንሱ ፈቃድ ነው እንጂ በራሱ ደመወዝ አይጨምርም። ፍርድ ቤትም «ሁለት ሬቲንግ አለውና ይጨመርለት» ብሎ አይወስንም፤ የሚያስከብረው የተስማማችሁበትን ነው። ስለዚህ ኅብረት ስምምነቱን (የሠራተኛ ማኅበራችሁ ከድርጅቱ ጋር የተዋዋለውን) እና የደመወዝ ስኬሉን አገላብጠው ይዩ። የላይሰንስ አበል የሚል ነገር ካለ ጥያቄዎ ጠንካራ ነው። ከሌለ መንገዱ በማኅበራችሁ በኩል መደራደር ነው።

ድርጅቱ ምናልባት ውልዎ ላይ ያለችውን «ሌሎች ተዛማጅ ሥራዎችን ያከናውናል» የምትል መስመር ይመዝዝብዎታል። በእኔ እምነት ራሱን የቻለ ፈተናና ሬቲንግ የሚጠይቅ ሥራ ተዛማጅ ነው ለማለት ይከብዳል። በአዋጁ አንቀጽ 15 መሠረት ውሉ የሚሻሻለው በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በሁለታችሁ የጽሑፍ ስምምነት ነው። ሳይቃወሙ በፈረሙ ቁጥር ግን ለአሠሪው መከራከሪያ እየሰጡ ነው። ስለዚህ የሥራ መደብዎና ክፍያዎ እንዲስተካከል ዛሬውኑ በጽሑፍ ይጠይቁ።

ለፊርማው ሲባል ከመደበኛ ሰዓትዎ በላይ ከቆዩ ደግሞ ትርፍ ሰዓት ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ የሰዓት ደመወዝዎ በ1.75 ይባዛል። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር በይርጋ ይታገዳል፤ ማለትም ጊዜው አልፎበታል ተብሎ ውድቅ ይሆናል። ብዙ ሰው «ከሥራ ስለቅ እጠይቃለሁ» እያለ ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ጋ ነው፤ ያሳዝነኛል።

የአምስት ዓመቱን ወረቀት በተመለከተ፣ ኮርሱን ከመጀመርዎ በፊት የፈረሙት ነገር አለ? ካለ ይዘው ይምጡ፤ በፈቃድ የተፈረመ የሥልጠና ግዴታ እንደ ውል ሊያስጠይቅ ይችላል። ከሌለ ኮርሱ ካለቀ በኋላ የመጣን አዲስ ግዴታ የመፈረም ግዴታ የለብዎትም። ለመፈረም ከወሰኑም ወጪው በቁጥር ይጻፍ፤ ባገለገሉ ቁጥር ዕዳው እንደሚቀንስም ይጻፍ። ደግሞም ግዴታው ሥራ ከመልቀቅ አያግድዎትም። የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው መልቀቅ ይችላሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው የገንዘብ ክርክር ነው።

ክስ ካስፈለገ አዳማ ስለሚኖሩ ብቻ አዳማ ላይ አይከፍቱም። ሥራውም ድርጅቱም ያሉት አዲስ አበባ ስለሆነ እዚያ ባለው የሥራ ክርክር ችሎት ነው። ለሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ የለበትም። አዳማ በሚሆኑበት ቀን ውሉን፣ ኅብረት ስምምነቱንና የሺፍት ፕሮግራሙን ይዘው ቢሮዬ ይምጡ። አዲሱን ወረቀት እስከዚያ አይፈርሙ።