የዘር ሐረጋችሁን ከፍላችሁ ለማስጠናት ለምታስቡ ልጆች

ባለፈው ሳምንት ከሜሪላንድ አንዲት ልጅ ጻፈችልኝ። «እትዬ፣ አዲስ አበባ ያለ ሰው የቤተሰብሽን የዘር ሐረግ እስከ ሰባት ቤት አወጣልሻለሁ ብሎ ቀብድ ጠየቀኝ። ልክፈለው?» በአጭሩ ልመልስላት ብዬ ቁጭ አልኩ፤ አልሆነልኝም። ዕድሜዬን በመዛግብት መሃል ነው የጨረስኩት፣ ከቢሮ ውጪም ለቤተሰቦች ይህንኑ ሥራ እየተከፈለኝ ሠርቻለሁ፤ ጥያቄዋ ደግሞ እስከ ዛሬ ያልለቀቀኝን አንድ ነገር ቀሰቀሰብኝ። ስለዚህ ለእሷም ለእናንተም እዚሁ ልጻፈው።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ውጭ አገር የሚኖሩ አንድ ሀብታም ሰው የእናታቸውን ወገን እንዳጠናላቸው ቀጠሩኝ። ዘመዶቻቸው ጎጃም፣ ብቸና አካባቢ ናቸው። ሐሳባቸው መጽሐፍ አሳትመው ለቤተ ዘመዱ ማደል ነበር። ውሉ የተሰበሰበው ነገር በሙሉ የአሠሪው ነው ይላል። ያኔ ሰው እንደዚያ ነበር የሚዋዋለው።

ሥራውን የጀመርኩት ከአንድ አሮጌ የርስት ክርክር መዝገብ ነው። እናንተ አልደረሳችሁበትም። ከ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ በፊት በጎጃምና በጎንደር ርስት የሚገኘው ዘር ተቆጥሮ ነበር። በአባትም ይሁን በእናት በኩል ወደ ላይ ቆጥረህ መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት ከደረስክ ድርሻ አለህ። የባላጋራህ ሥራ ደግሞ ከመሃል አንድ ሰው መርጦ «እገሊት የእገሌ ልጅ አይደለችም» ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ ስምንት ዘጠኝ ትውልድ ሳይደናቀፉ የሚቆጥሩት ለዚህ ነው፤ እንጀራቸው ነበር። ዐዋጁ ርስትን ሲያስቀር ትውልድ መቁጠርም አብሮ ሥራ ፈታ። ሽማግሌዎቹ ሲያልፉ ልጆቻቸው አልተኩትም፤ ለምን ብለው ይተኩት?

እዚያ መዝገብ ላይ ተከራካሪው ስለ አሠሪዬ ቅድመ አያት ሲናገር «እዚህ አገር ዘር የላትም» ብሏል። አንድ መስመር ናት። እሷን ይዤ ብቸና ወረድኩ።

የአሠሪዬ አክስት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ጥጥ ሲፈትሉ አገኘኋቸው። ሰማንያ ያለፋቸው ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ እጃቸው ግን አልደከመም። እንዝርቱን ጭናቸው ላይ ያሾሩትና አንድ ስም ይጠራሉ፣ ክሩን ይስባሉ፣ ያጠነጥናሉ፣ ደግሞ ሌላ ስም። በአባታቸው በኩል ያለውን በሙሉ እንዲህ ወጡት። አያታቸው ጋ ሲደርሱ እንዝርቱ ቆመ። «ማን ነው ይህን ጠይቂ ያለሽ?» አሉኝ። መዝገቡ ላይ ያየሁትን ነገርኳቸው። ካሴቱ እየቀዳ መሆኑንም ነገርኳቸው። «ይቅዳ» አሉ።

አያታቸው ከዓባይ ማዶ በልጅነታቸው ተወስደው ባሶ ገበያ የተሸጡ ሴት ናቸው። የገዛቸው ቤት ክርስትና አስነሣቸው፣ ስም አወጣላቸው፣ ኋላም ከዚያው ቤት ልጅ ወለዱ። «እናቷ ያወጣችላት ስም ግን ሌላ ነው» አሉኝና ስሙን ነገሩኝ። ሴትየዋ ያንን ስም ለሴት ልጆቻቸው ያስጠኑ ነበር። «እናቴ ለኔ ነገረችኝ። እኔ ሴት ልጅ አልወለድኩም፤ ስለዚህ ላንቺ ነገርኩሽ።»

አሠሪዬ ይህን ሲሰሙ «አይጻፍም» አሉ። ተከራከርኳቸው። «ልጆቼን አንገት ላስደፋ?» አሉኝ። ካሴቱንም ደብተሩንም በውሉ መሠረት ወሰዱ። መጽሐፉ ሲታተም ቅድመ አያታቸው «ከታላቅ ቤተሰብ የተወለዱ» ይላል። አክስትየዋ ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ።

ሰውየውን አልጠላቸውም። ባደጉበት ዘመን አንዲት ቃል ጋብቻ ታፈርሳለች። ትውልድ ቆጠራን ሁላችን እናሞግሰዋለን፤ ዝምድና እንዳይገጥም ሰባት ቤት መቁጠሩ ደግ ነው፣ ግን በዚያው ቆጠራ ሰው «ጨዋ ነው፣ ከባሪያ ዘር አይደለም» ወይም «ጨዋ አይደለም» እየተባለ ይበጠርበት ነበር። የባሪያ ንግድን የሚከለክሉ ዐዋጆች በ1916ም በ1923ም ወጥተዋል፤ አሁንም ስላልቆመ በ1934 ሌላ ማውጣት አስፈልጓል። ቅርብ ነው እኮ፣ የአያቶቻችሁ ዘመን ነው። የእኒያን ሴት ስም አልረሳሁትም። እኔ ጋ ነው ያለው፣ የልጅ ልጆቻቸው ጋ መሆን ሲገባው። ይህ ነው የሚቆጨኝ።

አሁን ያላችሁት ልጆች ግን አንድ ነገር ታስቸግራላችሁ። ሁላችሁም የንጉሥ ዘር ፈላጊ ሆናችኋል። እስከ ፋሲል፣ እስከ ሰሎሞን። ሸክላ ሠሪ አያት፣ ሸማኔ አያት የሚፈልግ ልጅ እስካሁን አልገጠመኝም። ደግሞ ለዲኤንኤ የዘር ምርመራ ምራቅ ቱቦ ውስጥ ተፍታችሁ መልሱን በስልክ ትጠብቃላችሁ። የሚመጣው «ኢትዮጵያና ኤርትራ» የሚል ነው፤ ለዚህ አያትሽን ብትጠይቂ ይበቃሽ ነበር። ይህን ስል ግን ባሶ ገበያ የተሸጡትን ሴት አስባለሁ። ለተሸጠ ሰው ሽማግሌም መዝገብም የለም። ከዓባይ ማዶ የቀሩት የወንድሞቻቸው ልጆች ልጆች አንድ ቀን ያንኑ ምርመራ ቢያደርጉ ከእሳቸው የልጅ ልጆች ጋር ሊገናኙ የሚችሉት በዚያ ብቻ ነው። እንግዲህ ለእንደዚህ ያለው ተመርመሩ።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። «እስከ ሰባት ቤት አወጣለሁ» ብሎ ገና ሳይጀምር ቃል የሚገባውን ሰው አትቅጠሪ። ውጭ ያሉት ባለሙያዎች በአብዛኛው ለሠሩበት ሰዓት ነው የሚያስከፍሉት፤ ምንም ባያገኙም የት የት እንደፈለጉ ጽፈው ያስረክባሉ። አንቺም እንደዚያ ተዋዋዪ። እያንዳንዱ ስም ከየት እንደመጣ ይጻፍልሽ፦ ማን ነገረው፣ የት፣ መቼ፣ የትኛው መዝገብ ላይ።

የልደት ምዝገባ በአገራችን ደንበኛ ሆኖ የተጀመረው በ2008 ነው፤ ስለዚህ ለአያትሽ ዘመን ሰርተፊኬት አገኛለሁ የሚልሽ ያታልልሻል። ያለው ወረቀት ሌላ ነው። ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አለ፣ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም አለ፣ በየገዳሙና በየደብሩ ብራና ባዶ ገጽ ላይ የተጻፈ የመሬት ስጦታና ሽያጭ አለ። ይህን ለማንበብ ሙያ ይጠይቃል፣ ለሙያው ክፈዪ። አያትሽ በፍርድ ቤት መዝገብ በቤት ስሟ፣ ደብሩ ውስጥ ደግሞ «ወለተ» እገሌ ሆና ነው የምትገኘው፤ ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን የሚያውቀው የንስሐ አባቷ ወይ አንዲት አሮጊት ጎረቤት ነው። «የኅዳር በሽታ ዓመት ተወለደች» ሲሉሽ 1911 መሆኑን፣ «ክፉ ቀን» ሲባል 1880 እና ተከታዮቹ ዓመታት መሆናቸውን የሚያውቅ ሰው ፈልጊ።

ከሁሉ በፊት ግን አያትሽ እዚያው አጠገብሽ ናቸው ብለሽኛል። ቅዳሜ ቡና ሲፈላ ስልክሽን አጠገባቸው አስቀምጪና፣ እየቀዳሽ መሆኑን ነግረሽ፣ ስለ ሴቶቹ ጠይቂያቸው። ወንዶቹን ሳይጠየቁም ይነግሩሻል። ለዚህ ለማንም አትክፈዪ።

ውሉ ላይ ደግሞ ሁለት ነገር አስገቢ። የተቀዳው ድምፅ ቅጂ ለተናጋሪው ቤተሰብና ለባለሙያው ይሰጥ። የተገኘው ነገር ደስ ባይልም ከዘገባው አይወጣ። ሰውየው ሁለተኛውን አልፈርምም ካለሽ ሌላ ሰው እፈልግልሻለሁ፤ ከፈረመም ቀብዱን ከመላክሽ በፊት ውሉን ላኪልኝ፣ አነብልሻለሁ።