ዳሌሽን ሳይለካ ጨርቅሽን ለሚቆርጥ ሰፊ አትስጪ

«ወገቤ ቀጭን፣ ዳሌዬ ሰፊ ነው። ሱሪ በመከራ ዳሌዬን ካለፈ ወገቤ ላይ ይንቦረቀቃል። ጥር ላይ የእህቴ ሰርግ አለ። የሀበሻ ቀሚስ የተሰፋ ልግዛ ወይስ ላሰፋ? ወይስ ችግሩ ከኔ ነው?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህት ነው የምጽፈው። ይረዝማል፣ ታገሺኝ። የኔም ሰውነት እንዳንቺው ነው። ከመርካቶ እስከ ቦሌ ያልገባሁበት ሱቅ የለም ማለት ይቻላል።

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ ያናደደኝ እሱ ነው። ችግሩ ከአንቺ አይደለም። ከእግር እስከ ራስሽ አይታ «ላንቺ የሚሆን የለንም፣ ትንሽ ብትቀንሺ» የምትል ሻጭ የልብስ ቁጥር ከየት እንደመጣ አታውቅም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1939 እና በ1940 ወደ 15,000 የሚጠጉ ሴቶች ተለኩ። በስሌቱ የገቡት ነጭ ሴቶች ብቻ ነበሩ። ከዚያ ተነስቶ በ1958 የልብስ ቁጥር ደረጃ ወጣ፣ በ1983 ደግሞ ደረጃው ተሰረዘ። ዛሬ አምራቹ ሁሉ የራሱን ቁጥር ነው የሚለጥፈው። አንዱ ቀሚስ ጀርመን 38፣ ፈረንሳይ 40፣ ጣሊያን 44፣ እንግሊዝ 12 ይባላል። እኛ ጋ ደግሞ የቱርኩም፣ የቻይናውም፣ ከዱባይ የመጣውም ጎን ለጎን ተሰቅሎ ነው የሚጠብቅሽ። ብዙ ጊዜ የቻይናው ኤክስ ኤል ከቱርኩ ኤል ያንሳል። ስለዚህ ቁጥሩን እርሺው። ወደ ሥራው እንግባ።

1ኛ፦ ሱሪ በወገብሽ ሳይሆን በዳሌሽ ልክ ግዢ። ሰፊውን ማጥበብ ይቻላል። ጠባቡን ማስፋት የሚቻለው ግን ውስጡ ትርፍ ጨርቅ ካለ ብቻ ነው፤ የፋብሪካ ሱሪ ደግሞ ትርፍ የሚባል ነገር ብዙም የለውም። ሙሉ ጥጥ የሆነ ጂንስ አይሳብም። ትንሽ የሚለጠጥ ይሻልሻል። ስትሞክሪ ቆመሽ ብቻ አትዪው። ቁጭ በይ፣ አጎንብሺ። ወገቡን ስታስጠብቢ ልብስ ሰፊው ከላይ ቆንጥጦ እንዳይሰፋልሽ። ቀበቶ የሚገባበት ጠርዝ ተፈትቶ፣ ከኋላ መሃል ላይ ተቆርጦ ነው እንደገና የሚገጠመው። ብዙ የሚጠብ ከሆነ ደግሞ ከመሃል ብቻ እንዳይወስድ፤ የኋላ ኪሶቹ ተጠጋግተው ያስጠላሉ። ከኪሶቹ በላይ ግራና ቀኝ እጥፋት አስገብቶ ያካፍለው። ይሄን ስትነግሪው ፊቱን ካጠቆረብሽ ሌላ ሰፊ ፈልጊ።

2ኛ፦ የሀበሻ ቀሚሱን አሰፊው። የተሰፋው ተሰቅሎ ሲታይ ያምራል፣ ግን እኛን አስቦ አልተሰፋም። ወገብ ላይ ልክ ከሆነ ዳሌ ላይ ይይዝሻል። ዳሌ ላይ ልክ ከሆነ ከላይ ከረጢት ይሆናል። ሽሮ ሜዳ በጠዋት ሂጂና የጨርቁን ዋጋ ለብቻ፣ የስፌቱን ለብቻ ተነጋገሪ። የሸማኔ ጨርቅ አይለጠጥም። መጀመሪያ ሲታጠብ ደግሞ ይሰበሰባል። ከጠበበሽ ስፌቱ ጋ ክሩ እየሸሸ ይከፈታል፣ እሱም የሚጀምረው ስትቀመጪ ዳሌሽ ላይ ነው። ስለዚህ ዳሌሽ ላይ ላላ ይበል። በሁለቱም ጎን ከስፌቱ ውስጥ ሁለት ጣት የሚሆን ትርፍ ይተውልሽ። ይሄን አደራ።

3ኛ፦ መለካት። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው።

የአክስቴ ልጅ ሰርግ ነበር። ጥለቱን ራሴ መርጬ፣ ከሸማኔው ጋር ስለ ቀለሙ ተነጋግሬ ነው ያሠራሁት፤ ወይን ጠጅና ወርቃማ። ጨርቁን ይዤ ስም ያለው ሰፊ ቤት ገባሁ። የት እንደሆነ አልናገርም። ልጁ ስልኩን በትከሻው ይዞ እያወራ፣ ሹራቤን እንኳን ሳያስወልቅ ደረቴን ለካ፣ ወገቤን ለካ፣ ቁመቴን ለካ። «ዳሌስ?» አልኩት። «እሱን ዓይኔ ያውቀዋል፣ ስንት ዓመት የሠራሁት ነው» አለኝ። እንቢ ብዬ አስለካሁት። ለካና ሳይጽፍ ሜትሩን አንገቱ ላይ መለሰው። «ጻፈው እንጂ» ስለው «ይጻፋል» አለ። የመሞከሪያ ቀን ስጡኝ ብል «እኛ ጋ ሙከራ የለም፣ አልቆ ነው የምትወስጂው» ተባልኩ። ቀብዱ ቀድሞ ተከፍሏል።

ውሰጂ የተባልኩት በሰርጉ ዋዜማ ነው። ቀሚሱ በራሴ ገባ፣ ወገቤ ላይ ልክ ሆነ፣ ከዚያ በታች አልወርድ አለ። ልጁ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አንቺ ነሽ የወፈርሽው።» ሰው ሁሉ እየሰማ! ባለቤትየዋ ደግሞ ቀሪውን ካልከፈልሽ ቀሚሱ አይወጣም አለች። የልኩን ወረቀት አምጡ አልኩ። መጣ። የዳሌ ቦታው ባዶ ነው። ወረቀቱን ከፍ አድርጌ እዚያ ለነበሩት ሴቶች በሙሉ አሳየሁ። ቀሪውን ሳልከፍል ቀሚሴንም ነጠላዬንም ይዤ ወጣሁ። ቀብዱ ግን ቀለጠ። ቤት ወስጄ ጎኑን ስፈታው ትርፍ አልተተወለትም፣ ጥግ ድረስ ተቆርጧል።

ያዳነችኝ እዚሁ ሰፈራችን አንድ ማሽን ይዛ የምትሠራ ሴት ናት። ቀሚሱን ገልብጣ አየችውና «ነጠላው የታለ?» አለችኝ። ነጠላው ያው ጥለት ነበረው። ጥለቱን ከነጠላው ጫፍ ቆርጣ ከብብት እስከ ታች በሁለቱም ጎን አስገባችው። ከላይ ቀጠን፣ ዳሌ ላይ ሰፋ፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ወረደ። እኔ የእናቴን ነጠላ ለብሼ ሄድኩ። ሰርጉ ላይ ያ በጎን የወረደው ጥለት የት እንደተሠራ ያልጠየቀኝ ሴት የለም። ከዚያ ወዲህ ሆን ብዬ እንደዚያ ነው የማሰፋው። ለእኛ ሰውነት ከዚያ የሚሻል አላየሁም። አንቺም ጥለቱን ከፊት መሃል ላይ ብቻ ከምታወርጂው ወደ ጎን አውጪው።

እናም ስትለኪ ሹራብሽን አውልቂ። ያን ቀን የምታደርጊውን ጡት ማስያዣ አድርገሽ ሂጂ። እግርሽን ገጥመሽ ቁሚ። ዳሌ የሚለካው መቀመጫሽ ይበልጥ ወጣ የሚልበት ላይ ነው፣ ሆድሽ ስር አይደለም። ከወገብሽ እስከዚያ ቦታ ያለው ርዝመትም ይለካ፤ ብዙ ሰፊ ይሄን ይዘለዋል። ቁጥሩ ሁሉ ዓይንሽ እያየ ይጻፍ፣ ወረቀቱን በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ውጭ ሆናችሁ ልካችሁን የምትልኩ ደግሞ ኢንች ይሁን ሴንቲ አብራችሁ ጻፉ። ሜትሩ በአንድ ፊቱ ሴንቲ፣ በሌላው ኢንች ነው። ቤሩት ያለች ጓደኛዬ «እጅጌ 20» ብላ ላከች። እሷ ኢንች ነው ያለችው። ሰፊው 20 ሴንቲ አደረገውና ረጅሙ እጅጌ ከክርኗ በላይ ቀረ።

4ኛ፦ ሌሎቻችሁ ከእህታችን ጥያቄ ስር የጠየቃችሁትን በአጭሩ። ደረታችሁ ሞላ ያለ፣ ሸሚዝና ቀሚስ በደረት ልክ ግዙና ወገቡን አስጠብቡ። ኮት ከሆነ ግን መጀመሪያ ትከሻውን እዩ፤ ትከሻ ማስተካከል ከባድ ነው፣ ያስከፍላልም። ረጅሞቹ፣ ሱሪ ከመግዛታችሁ በፊት የእግሩን እጥፋት ገልብጣችሁ እዩ፤ ውስጡ ጨርቅ ካለ ይረዝማል። የምታጠቡ እናቶች ዚፑን ከፊት አስደርጉ፣ ለጎኑም ትርፍ አስተዉ። ሰውነታችሁ ገና ይለዋወጣል።

አሁን ወዳንቺ። ጥር የሰርግ ወቅት ነው፣ ጥምቀትም አለ። ሰፊዎቹ ይጨናነቃሉ፣ ያኔ ማንም አይሰማሽም። ኅዳር ላይ ጀምሪ። ቀብድ ከግማሽ በላይ አትክፈዪ። ሳይጨርስ በረጅም ክር አያይዞ አንዴ የማያስሞክርሽ ከሆነ ጨርቅሽን ይዘሽ ውጪ፤ ሽሮ ሜዳ ሰፊ ሞልቷል። ጨርቁን እንደገዛሽ፣ ሳይቆረጥ፣ ፎቶውን እዚህ ለጥፊው። ጥለቱ ስንት ጣት ስፋት እንዳለውም ጻፊልን፤ ለጎን ይበቃ እንደሆነ አብረን እናየዋለን።