ስለ አሮጌ ፎር ዊል መኪና የጎማ ነፋስ የቀረቡ ጥያቄዎች

ከደረሱን ጥያቄዎች ስለ ጎማ ነፋስ የሚጠይቁትን መርጠን በአንድ ላይ መልሰናል። የነፋስ ቁጥሮቹ በሙሉ በግፊት መለኪያው በፒኤስአይ ናቸው፤ መለኪያችሁ በባር ከሆነ 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው።

ጥያቄ፦ የአሮጌው ላንድክሩዘሬ በር ላይ የነበረው የነፋስ መጠን ማሳያ ተልጧል፤ ጎማውም ከ7.50 አር 16 ወደ 265/75 አር 16 ተቀይሯል። ጎማው ላይ 80 የሚል ተጽፏል፣ ጎሚስታው ግን ለአራቱም 40 ይሞላል። የቱን ልከተል?

መልስ፦ ሁለቱንም አይከተሉ። 80 የሚለው ቁጥር ጎማው የመጨረሻውን ክብደት ሲሸከም የሚያስፈልገው ጣሪያ እንጂ ለእርስዎ መኪና የተወሰነ መጠን አይደለም። የበሩ ማሳያ ቢኖር እንኳ የሚናገረው ስለ ፋብሪካው ጎማ ነበር። ለአራቱም እኩል መሙላት ደግሞ የሚያዋጣው የፊቱና የኋላው ክብደት ሲቀራረብ ብቻ ነው፤ ላንድሮቨር ለዲፌንደር 110 በ7.50 አር 16 ጎማ ከፊት 28፣ ከኋላ 48 ያዘዘው ጭነቱ የሚያርፈው ከኋላ ስለሆነ ነው። መኪናዎ ባዶ ሲሆን ከፊት 34 ከኋላ 36 ሞልተው ይጀምሩ፤ ሲጫን የኋላውን ወደ 42 ከፍ ያድርጉ። ከዚያ በጎማው ጥርስ ላይ ከዳር እስከ ዳር ወፍራም የጠመኔ መስመር አስምረው በደረቅና ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ መቶ ሜትር ያህል በዝግታ ይንዱ። ጠመኔው መሐሉ ላይ ብቻ ከለቀቀ ነፋሱ በዝቷል፤ ዳርና ዳሩ ብቻ ከለቀቀ አንሷል። እኩል እስኪለቅ ድረስ 2፣ 2 እየቀነሱ ወይም እየጨመሩ ይድገሙት።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ወደ ዳሎል እንወርዳለን። ቆላው ስለሚሞቅ ከመነሻው 6 ያህል ቀንሱ ተብለናል። ትክክል ነው?

መልስ፦ አይቀንሱ። መካሪዎ ሙቀቱን አስታውሰው ከፍታውን ረስተዋል። ሙቀቱ 6 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የጎማው ነፋስ 1 ገደማ ይጨምራል፤ ስለዚህ በ12 ዲግሪ የአዲስ አበባ ማለዳ የተሞላ ጎማ በ30 ዲግሪ የአፋር ማለዳ 3 ያህል ከፍ ማለት ነበረበት። ነገር ግን መለኪያው የሚያሳየው በጎማው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ግፊት የሚበልጥበትን መጠን ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የውጭው አየር ግፊት 11 ያህል ሲሆን፣ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው ዳሎል ግን 15 ይጠጋል፤ ይህም ከመለኪያው ላይ 4 ይቀንሳል። ሙቀቱ የሚጨምረውን ከፍታው ስለሚወስደው፣ በ36 የወረደ ጎማ በማግስቱ ማለዳ 35 ገደማ ቢያሳይ ተንፍሷል ብለው አይስጉ። ከ36ቱ 6 ቀንሰው ቢነሡ ግን መኪናው በጋለ አስፋልት ላይ ከ30 በታች በሆነ ነፋስ ሊሮጥ ነው፤ ጎማን አብዛኛውን ጊዜ የሚያፈነዳው ደግሞ የነፋስ መብዛት ሳይሆን ማነስ ነው፣ ጎኑ በየዙሩ እየተጣጠፈ ይግላልና። በጉዞ ላይ ግሎ 40 ወይም 41 ቢያሳይም አያስተንፍሱት። ትክክለኛው ልክ የሚገኘው መኪናው ቢያንስ 3 ሰዓት ከቆመ በኋላ፣ ፀሐይ ሳያርፍበት ነው።

ጥያቄ፦ ከመነዳሪ ያለው ጎማ በአሸዋ ላይ እስከ ስንት ይወርዳል?

መልስ፦ ከመነዳሪ የሌለው እስከ 16 ሊወርድ ይችላል። ከመነዳሪ ያለው ግን ነፋሱ ሲያንስ ጎማው በቸርኬው ላይ እየተንሸራተተ ከመነዳሪውን ስለሚጎትት ቫልቩ ከሥሩ ይቆረጣል፤ 22 ላይ ያቁሙ፣ ከ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት አይለፉ፣ አስፋልት ሳይወጡም መልሰው ይሙሉ። ቸርኬዎ ባለ ቀለበት (ጎማውን የሚይዘው ጠርዝ የሚፈታ ቀለበት የሆነ) ከሆነ ነፋሱ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ማንም እንዳይፈታው፤ ሲሞላም በሰንሰለት ይታሰር። ቀለበቱ ተፈናጥሮ ሰው ይገድላል፣ በየመንገዱ ዳር ግን ያለ ሰንሰለት ሲሞላ ማየት የተለመደ ነው።

ጥያቄ፦ ናይትሮጅን ላስሞላ?

መልስ፦ ተራው አየር ራሱ 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ገንዘቡን ጥሩ መለኪያ ይግዙበት።

ጥያቄ፦ መጠባበቂያ ጎማዬ ጥርሱ አልተነካም፣ 2315 የሚል ቁጥር አለው። ነፋሱን አስተካክዬ ልጠቀምበት?

መልስ፦ አይጠቀሙበት። ቁጥሩ ጎማው የተሠራው በ2015 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት ነው ማለት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር የ2007 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ነው። 15ቱን በእኛ ዘመን የሚያነቡ ገዢዎች ጎማውን በ8 ዓመት ወጣት ያደርጉታል። ከ10 ዓመት ያለፈው ጎማ ጥርሱ ቢያምርም ላስቲኩ ደርቋል፣ ነፋስም አያድነውም። አዲሱን መጠባበቂያ በተጫነ መኪና የኋላ ልክ ሞልተው ያስቀምጡት፤ ከፊት መግጠም ካስፈለገ የሚቀረው ማስተንፈስ ብቻ ይሆናል።