ለቮልሷ ጠያቂ፦ የድሮ የመኪና ማስታወቂያ የት ይገኛል፣ እንዴትስ ይቆያል?

እህቴ፣ የአባትሽ ቮልስ በተገዛችበት ዘመን የወጡ ማስታወቂያዎችና ቁሳቁሶች የት እንደሚገኙ፣ ካገኘሽም በኋላ እንዴት እንደሚቀመጡ ጠይቀሻል። እኔም የዚህ ነገር ሱሰኛ ስለሆንኩ የማውቀውን ልንገርሽ።

በመጀመሪያ ለውጭው ማስታወቂያ ብዙ ብር አታውጪ። ዝነኛዋ የቮልስ ማስታወቂያ «ቲንክ ስሞል» («ትንሽ አስብ») በ1959 እ.ኤ.አ. የኒው ዮርኩ የማስታወቂያ ድርጅት ዶይል ዴን በርንባክ የሠራት ናት። ገጹ ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ መኪናዋ ጥግ ላይ ጠብ ብላለች። እንዲህ ያለው በትልልቅ የአሜሪካ መጽሔቶች በገፍ የታተመ ስለሆነ ብርቅ አይደለም። ለማየት ብቻ ከሆነ የድሮው ላይፍ መጽሔት ጎግል ቡክስ ላይ በነፃ አለ። ልግዛ ካልሽ የገጹን ጀርባ ፎቶ አስልኪ። ከመጽሔት የተቆረጠ ገጽ ጀርባው ላይ ሌላ ጽሑፍ ወይም ሌላ ማስታወቂያ አይጠፋም። ጀርባው ነጭ ከሆነ ትናንት የታተመ ኮፒ ነው ብለሽ ጠርጥሪ።

ብርቁ የኛው ነው። የያኔው ጋዜጣ ስኳር ተጠቅልሎበት፣ ግድግዳ ተለጥፎበት አልቋል። አዲስ ዘመንና ኢትዮጵያን ሄራልድን በጥራዝ ለማየት ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት) ወይም ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሂጂ። መታወቂያ ያዢ፤ ፎቶ ከማንሳትሽ በፊትም አስፈቅጂ። የበዓል እትሞችን አስቀድሚ። ጥቅምት 23 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል፣ ሐምሌ 16 ልደታቸው ነበር። ድርጅቶች ለጃንሆይ «እንኳን አደረሰዎ» እያሉ ማስታወቂያ የሚያወጡት ያን ጊዜ ነው።

በእጅ የሚያዘው ዕቃ ደግሞ ያለው አሮጌ ጋራዥ ውስጥ ነው። ሽማግሌ መካኒኮችን ቡና ጋብዣቸው። የመኪና መመሪያ መጽሐፍ፣ የአስመጪ ካላንደር፣ የቁልፍ መያዣ፣ የቆየ ሊብሬ መሳቢያቸው ውስጥ አይጠፋም። ለአርማና ለጎማ ሽፋን መርካቶ ሶማሌ ተራ ዙሪ። ቤት ውስጥ ያለውን ግን ቁራሌው ሳይቀድምሽ ፈትሺ። ልጆች የአባታቸውን ወረቀት «ቆሻሻ» ብለው ሲሸኙ ብዙ አይቻለሁ፤ ያናድዳል።

አሁን ወደ አያያዙ። እኛ አገር ወረቀት የወደደ ሰው ሮጦ ላሚኔት ያስደርጋል። እባክሽ ይቅርብሽ! ፕላስቲኩ በሙቀትና በሙጫ ስለሚጣበቅ ወረቀቱን ሳትጎጂ መልሰሽ አታወጪውም። የተቀደደውንም በፕላስተር አትለጥፊ፤ ሙጫው ቡናማ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል። ስፒል ካለው ቀስ ብለሽ አውጪው፤ ዝገቱ ወረቀቱን ይበላል። ጋዜጣ የሚሠራው ካልተጣራ የእንጨት ብስባሽ ስለሆነ ብርሃን ሲያገኘው ቶሎ ቢጫ ይሆናል፣ ይሰባበራል። ስለዚህ በ600 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ ነው) ስካን አድርጊና ግድግዳ ላይ ኮፒውን ስቀይ። ዋናው ፖሊስተር ከረጢት ውስጥ ገብቶ፣ ጠፍጣፋ ተኝቶ፣ ጨለማ ቦታ ይቀመጥ። ያ የሚሸተው ለስላሳ ፕላስቲክ ፒቪሲ ነው፤ ቀለም ስለሚያጣብቅ ራቂው። በክረምት መሬት ላይ ወይም ከውጭው ግድግዳ ተጠግቶ ከተቀመጠ ይሻግታል።

የት እንዳገኘሽውና መቼ እንደወጣ ከጀርባው ጥግ ላይ በእርሳስ ጻፊ፤ በእስክሪብቶ አይሆንም። ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. ለይተሽ ጻፊ፤ አለዚያ ልጆችሽ ሰባት ስምንት ዓመት ይሳሳታሉ።

የቆርቆሮ ማስታወቂያ ካገኘሽ በለስላሳ ጨርቅና በትንሽ ሳሙና አጥበሽ ወዲያው አድርቂው። ብርጭቆ ወረቀት አታስነኪው።

ደግሞ የመኪናዋን ሻንሲ ቁጥር ሊብሬው ላይ እዪ። ከ1965 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ሦስተኛው አሃዝ የሞዴሉን ዓመት ይነግርሻል። በ116 ከጀመረ የ1966 ሞዴል ናት። ያ ሞዴል መሠራት የጀመረው ነሐሴ 1965 እ.ኤ.አ.፣ በኛ 1957 ማብቂያ ላይ ስለሆነ፣ የ1958ን የጋዜጣ ጥራዝ ከፍተሽ ወደፊት ሂጂ።