ባለ ሰባት እግሩ እንግዳ «እሱ» ነው ወይስ «እሷ»?

ጥያቄ፦ የቴድ ቺያንግን «ስቶሪ ኦፍ ዩር ላይፍ» የተባለ ሳይንሳዊ ልብወለድ በእንግሊዝኛ እያነበብኩ ለጓደኞቼ በአማርኛ እተርክላቸዋለሁ። ባለ ሰባት እግሩን የሌላ ዓለም ፍጡር «እሱ» ልበለው «እሷ»? ርእሱስ «የሕይወትህ» ነው ወይስ «የሕይወትሽ ታሪክ»?

መልስ፦ ርእሱ አያስቸግርም፤ «የሕይወትሽ ታሪክ» ይበሉት። ተራኪዋ፣ የቋንቋ ምሁሯ ሉዊዝ ባንክስ፣ የምታናግረው ሴት ልጇን ነው። እንግሊዝኛው ርእስ ጾታ አይለይም፣ የእኛው ይለያል፤ ደራሲው ግን ይህን ምስጢር አድርጎ ስላልያዘው የሚጎድል ነገር የለም።

ጭንቁ ያለው ፍጡሩ ላይ ነው። በታሪኩ ውስጥ ጾታው አይታወቅም፤ በአማርኛ ደግሞ ከ«ጻፈ» እና ከ«ጻፈች» ውጭ ሦስተኛ መንገድ የለም። እርስዎም «ባለ ሰባት እግሩን» ብለው ሲጠይቁ ሳያስቡት ወንድ አድርገውታል። ልክ ነዎት። ጾታው ያልታወቀን ነገር አማርኛ በወንድ ይጠራል። በሴት አንቀጽ የምንጠራው በልማድ የተለዩትን (ፀሐይን፣ ጨረቃን፣ አገርን፣ መኪናን) ወይም ያሳነስነውንና ያቆላመጥነውን ነው፤ «ቤቷ» ስንል ትንሽ ቤት ትታየናለች። ስለዚህ በርሜል የሚያህለውን እንግዳ «መጣች» ካሉት አድማጭ ወይ እንስት ወይ ሚጢጢ አድርጎ ይስለዋል።

ሁለት ፍጡራን አብረው ሲታዩ ይገላገላሉ፤ «ገቡ»፣ «ጻፉ» ጾታ የለውም። ይህንን ለአንዱ ብቻ መጠቀም ግን አይሆንም። «ፍጡሩ ጻፉ» ሲባል ጆሮ የሚሰማው አንቱታ ነው፤ እንግዳው ጳጳስ ይሆንብዎታል። «ምልክቱ ተጻፈ» ብሎ ማለፍም ይቻላል። ሲደጋገም ግን ጸሐፊው ከታሪኩ ይጠፋል፣ አድማጭም የትኛው እንደጻፈ መለየት ያቅተዋል።

ያልጠየቁኝ፣ ግን ከጾታው ይልቅ ተራኪን የሚያሳስተው የግሡ ጊዜ ነው። ሉዊዝ ገና ያልሆነውን እንደ ትዝታ ታወራለች። ብዙ ተራኪ «ትዝ ይለኛል» ካለ በኋላ አፉ ወደ «አልሽኝ» ይሄዳል። እዚያ ላይ የታሪኩ ነገር ሁሉ ይፈርሳል፤ ልጅቷ የነበረች ትሆናለች፣ የምትመጣ መሆኗ ይቀራል። «አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላሽ ትዝ ይለኛል፤ በሩን ከፍተሽ፣ አጠገቤ ተቀምጠሽ፣ እንዲህ ትዪኛለሽ» ይበሉ። «ሲሞላሽ»፣ «ከፍተሽ»፣ «ተቀምጠሽ» የራሳቸው ጊዜ የላቸውም፤ ከመጨረሻው ግሥ ይዋሳሉ። አድማጭ ያለፈ ይሁን የሚመጣ ሳያውቅ እስከ ማሰሪያው ድረስ ይቆያል። ለዚህ ታሪክ ከእንግሊዝኛው የተሻለ መሣሪያ ነው ብል አላጋነንኩም። «ትዪኛለሽ» ልማድንም ስለሚያመለክት «ሁልጊዜ ትዪኛለሽ» መስሎ እንዳይሰማ «ያን ቀን» የሚል ጣል ያድርጉበት፤ በየዓረፍተ ነገሩ ሳይሆን ክፍሉ ሲጀምር አንዴ ይበቃል።